ካኖን 250ዲ ሲገመገም፦ ሞዶቹ፣ የብርሃን ቅንብሩና የፍላሽ ጣጣው

ካኖን ኢኦኤስ 250ዲ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀየር፣ በመስታወት የሚያሳይ) ካሜራ ነው። ባትሪና ካርድ ገብቶበት 449 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ለዲኤስኤልአር ይህ በጣም ቀላል ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ሲልከው ሳጥኑ ላይ ሬብል ኤስኤል3 የሚል ስም ሊኖር ይችላል፤ ካሜራው ግን ያው ራሱ ነው። 24.1 ሜጋፒክሰል ያለው ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር፣ ዲጂክ 8 ፕሮሰሰር፣ ወደ ጎን ተከፍቶ የሚዞር ተች ስክሪን አለው፤ በሰከንድ እስከ 5 ፎቶ ያነሳል። ይህን ሁሉ ማንኛውም ሻጭ ይነግራችኋል። እዚህ የምንመዝነው ሌላ ነገር ነው። ከስልክ ወደ ካሜራ የሚሻገር ሰው ሞዶችን (የማንሻ ዘዴዎችን) እና የብርሃን ቅንብርን በዚህ ካሜራ በደንብ ሊማር ይችላል ወይ? ከተማረ በኋላስ ካሜራው አብሮት ይዘልቃል? ለመማር በጣም ጥሩ ነው። ለሠርግና ለዝግጅት ሥራ ግን ሁለት ቦታ ላይ ያስቸግራል፤ ሁለቱንም ከታች በዝርዝር እናያቸዋለን።

መጀመሪያ ቁጥሮቹ እንዲገቡን ያስፈልጋል። አንድ ፎቶ የሚያገኘውን ብርሃን የምንቆጣጠረው በሦስት ነገር ነው፦ በሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ ሻተሩ (የብርሃን መጋረጃው) ተከፍቶ በሚቆይበት ጊዜና በአይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ባለው ስሜት)። የቀዳዳው ስፋት በኤፍ ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ወይም በግማሽ ሲቀንስ «አንድ ስቶፕ» ይባላል። ከኤፍ 8 ወደ ኤፍ 5.6 መክፈት አንድ ስቶፕ መጨመር ነው፤ ከ1/125 ወደ 1/250 ሰከንድ መፍጠን አንድ ስቶፕ መቀነስ ነው፤ አይኤስኦን ከ400 ወደ 800 ማውጣት ደግሞ መልሶ አንድ ስቶፕ መጨመር ነው። ስለዚህ በአይኤስኦ 100 ኤፍ 8 እና 1/125፣ ኤፍ 5.6 እና 1/250፣ ኤፍ 4 እና 1/500 ሦስቱም እኩል ብርሃን ያላቸው ፎቶዎች ይሰጣሉ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ከሰውየው ኋላ ያለው ይደበዝዛል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር እንቅስቃሴ ይቆማል፤ አይኤስኦ ሲወጣ ጥቁሩ ቦታ ላይ ኖይዝ (ነጠብጣብ) ይበዛል። በ250ዲ ላይ ቅንብሩ ሳይነካ ዳያሉ (የሚዞረው ጎማ) አንድ ጊዜ ቀጭ ሲል የሚቀየረው የስቶፕ ሲሶ ነው። ሦስት ቀጭ አንድ ስቶፕ መሆኑን እጅ ከለመደው፣ ዐይን ከቪውፋይንደሩ (ከማያ መስኮቱ) ሳይነሳ መሥራት ይቻላል።

አረንጓዴው ኤ ፕላስ፣ ኤስሲኤንና ፒ

ኤ ፕላስ ሁሉንም ነገር ለራሱ የሚወስን ሞድ ነው። ከቤት ውጭ፣ በደህና ብርሃን፣ ያልተንቀሳቀሰ ሰው ለማንሳት ምንም አይጎድለውም። ችግሩ ፎቶግራፍ አንሺው ምን እንደፈለገ ካሜራው ማወቅ አለመቻሉ ነው። ማምሻው ላይ ቤት ውስጥ የሚሮጥ ልጅ ሲነሳ፣ ሞዱ 1/60 ከመረጠ ግድግዳው ጥርት ብሎ ልጁ ተዝለግልጎ ይወጣል። ያንን በኤ ፕላስ ማረም አይቻልም፤ የሻተሩን ፍጥነት መንካት አይፈቅድማ። ክሪኤቲቭ አሲስት የሚባለው በዚሁ ሞድ ውስጥ ያለ አማራጭ የኋላውን ማደብዘዝና ማድመቅን በቃል ሳይሆን በሥዕል ያሳያል። ለመጀመሪያው ሳምንት ይጠቅማል፤ ከዚያ በኋላ አያስፈልግም።

ኤስሲኤን ላይ ስፖርት፣ ምግብ፣ የሻማ ብርሃን፣ የቡድን ፎቶና ሌሎችም ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። አብዛኞቹን ማለፍ ይቻላል። መያዝ ያለበት አንዱ፣ በእጅ ተይዞ የሚነሳው የሌሊት ትዕይንት ነው። አራት ፎቶ በተከታታይ አንስቶ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ትራይፖድ ሳይኖር ማታ ከተማ ለማንሳት ውጤቱ ከሚጠበቀው በላይ ነው። ካሜራው እየተያዘ ሰዎች ከተንቀሳቀሱ ግን ድርብ ጥላ ይወጣል።

ፒ ከኤ ፕላስ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። ፒም ቀዳዳውንና ፍጥነቱን ራሱ ይመርጣል፤ አይኤስኦን፣ የኤክስፖዠር ማካካሻን (ካሜራው ከመረጠው ማድመቅን ወይም ማጥቆርን)፣ የብርሃን ልኬትን፣ ፍላሽን ግን ለእኛ ይተዋል። ማንሻ ቁልፉን እስከ ግማሽ ተጭናችሁ ዳያሉን ብታዞሩ፣ የብርሃኑ መጠን ሳይለወጥ ጥንዱን ይቀይርላችኋል፦ 1/125 በኤፍ 8 የነበረው 1/250 በኤፍ 5.6 ይሆናል። ፍላሽ ሲነሳ ይህ ማዞር አይሠራም። መንገድ ላይ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ፣ ካሜራው በፒ ላይ ሆኖ ቢንጠለጠል ጥሩ ምርጫ ነው።

ቲቪ፦ ለእስክስታና ለሩጫ

ቲቪ ላይ እኛ ፍጥነት እንመርጣለን፤ ካሜራው ቀዳዳውን ይፈልጋል። የ250ዲ ፍጥነት ከ30 ሰከንድ እስከ 1/4000 ነው። ለሚራመድ ሰው 1/250 ይበቃል። ትከሻው በደንብ የሚመታ እስክስታ 1/500 ይጠይቃል፤ በ1/125 ፊቱ ጥርት ብሎ ትከሻው ብቻ ሲደበዝዝ ግን የራሱ ውበት አለው፤ ሁለቱንም ማንሳት ተገቢ ነው። ታላቁ ሩጫ ላይ ፊት ለፊት የሚመጣ ሯጭ 1/1000 ይሻላል። በጎን የሚያልፍን ሯጭ ከ1/30 እስከ 1/60 አድርጎ ካሜራውን አብሮ እያዞሩ ማንሳት ደግሞ ኋላውን መስመር መስመር ያደርገዋል።

ቲቪ ላይ ጀማሪዎች የሚወድቁበት ቦታ አንድ ነው፤ ካሜራው ግን ያስጠነቅቃል። ቪውፋይንደሩ ውስጥ የቀዳዳው ቁጥር ብልጭ ድርግም ካለ፣ ሌንሱ ከዚህ በላይ መክፈት ወይም መዝጋት አልቻለም ማለት ነው። ብልጭ የሚለው ትንሹ ቁጥር ከሆነ፣ ለምሳሌ ኤፍ 4፣ ፎቶው ይጨልማል፤ ፍጥነቱን ቀንሱ ወይም አይኤስኦ ጨምሩ። ትልቁ ቁጥር ከሆነ ፎቶው ነጭ ይወጣል፤ ፍጥነት ጨምሩ። አይኤስኦ አውቶ ላይ ከሆነ ብልጭታው ቶሎ አይመጣም፤ ካሜራው በዝምታ አይኤስኦውን እየሰቀለ ያድናችኋል፤ ዋጋውን የምታዩት ቤት ገብታችሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። ስለዚህ ካሜራው እንደተገዛ የአውቶ አይኤስኦን ጣሪያ መወሰን ያስፈልጋል። መደበኛው ክልል ከ100 እስከ 25600 ነው። እስከ 1600 ንጹሕ ነው፤ 3200 ለኅትመት ይሆናል፤ 6400 ለፌስቡክና ለቴሌግራም ካልሆነ አይመከርም። ጣሪያውን 3200 አድርጉት፤ ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ በፈቃዳችሁ ብቻ ውጡ።

ኤቪ፣ የዚህ ካሜራ እውነተኛ ቤት

250ዲ አናቱ ላይ ያለው ዳያል አንድ ብቻ ነው። ኤቪ ላይ ያ ዳያል ቀዳዳውን ይቆጣጠራል፤ ከስክሪኑ አጠገብ ያለውን የማካካሻ ቁልፍ ተጭኖ ያንኑ ዳያል ማዞር ደግሞ ፎቶውን ማድመቅና ማጥቆር ነው። ሁለት ውሳኔ፣ ሁለት የጣት እንቅስቃሴ። ከዚህ ካሜራ ሞዶች ሁሉ እጅ የሚስማማው ይሄ ነው፤ ከመቶ ፎቶ ሰማንያውን በዚህ ሞድ ማንሳት አያስቆጭም።

ለቁም ፎቶ በተቻለ መጠን ትንሹን ቁጥር ምረጡ፤ ለሁለትና ለሦስት ሰው ኤፍ 5.6፤ በሁለት ረድፍ ለቆመ ቤተሰብ ኤፍ 8፤ ለመልክዓ ምድር ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11። ኤፍ 16ንና ከዚያ በላይ ካላስገደደ አትንኩ፤ በዚህ ሴንሰር ላይ ቀዳዳው በጣም ሲጠብ ብርሃኑ ጠርዝ ላይ ስለሚበተን ፎቶው በሙሉ ጥራት ያጣል።

ኤቪ ላይ ዐይን ከፍጥነቱ ቁጥር መነሳት የለበትም። ሕጉ፣ የሌንሱን ርዝመት በ1.6 አባዝቶ፣ አንድን ለዚያ አካፍሎ፣ ከሚወጣው ያልዘገየ ፍጥነት መያዝ ነው፦ በ55 ሚሊ ሜትር 1/90 ገደማ። ከካሜራው ጋር የሚመጣው አይኤስ ያለው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ የእጅ መንቀጥቀጥን ይቀንስና ከዚያ በታች መውረድ ያስችላል። የተነሺውን እንቅስቃሴ ግን አይኤስ አያቆምም። ፎቶው ላይ ግድግዳው ጠርቶ ሰውየው ከተዝለገለገ የተንቀሳቀሰው ሰውየው ነው፤ ሁሉም ነገር በአንድ አቅጣጫ ከተሳበ እጅ ነው። ሁለቱ መድኃኒታቸው ይለያያል፤ አንደኛው ፍጥነት ይፈልጋል፣ ሁለተኛው የተሻለ አያያዝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የየትኛውም ካሜራ የብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ እንደሆነ አድርጎ ነው የሚገምተው። ነጠላና ጋቢ የለበሰ ሕዝብ ፊቱ ሲቆም «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ነጩ ግራጫ ይሆናል፣ ፊት ይጠቁራል። ጥር 11 ጃንሜዳ ላይ በአውቶ የተነሱ ፎቶዎች አመድ የነፋባቸው የሚመስሉት በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ኤቪ ላይ ማካካሻውን ከ+2/3 እስከ +1 1/3 ማውጣት ነው። ነጩ ፍሬሙን ከሞላው ወደ ላይኛው ቁጥር፣ ከግማሽ በታች ከሆነ ወደ ታችኛው። ተቃራኒውም እንዲሁ ነው። መስከረም 16 ማታ ደመራ ሲነድ ፍሬሙ አብዛኛው ጥቁር ስለሆነ ካሜራው ብርሃን ይጨምራል፤ እሳቱ ቀለሙን አጥቶ ነጭ እብጠት ይሆናል። ከ-1 እስከ -2 ዝቅ ሲደረግ የእሳቱ ብርቱካናማ ይመለሳል።

መስኮት ጀርባቸው ላይ ሆኖ ቡና የሚያፈሉ እናት ሲነሱ ደግሞ ከጀርባ የሚመጣው ብርሃን መለኪያውን ያታልለዋል፤ ፊታቸው ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ከ+1 እስከ +2 ያስፈልጋል፤ መስኮቱ መንጣቱን መቀበል ግድ ነው። የሚቻል ከሆነ ግን ከመስኮቱ ጎን ዞሮ መቆም ከማንኛውም ቁልፍ ይበልጣል፤ የዕጣኑም ጭስ በጎን ብርሃን ነው የሚያምረው።

ማካካሻ ተሠርቶ ፎቶው ያልጠቆረ ወይም ያልደመቀ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ አውቶ ላይቲንግ ኦፕቲማይዘር ነው። ካሜራው ሲመጣ ይህ ቅንብር በርቶ ነው የሚመጣው፤ ሆን ብላችሁ ያጠቆራችሁትን ጄፔግ መልሶ ያደምቀዋል። ለሚማር ሰው ይህ መርዝ ነው፤ የሠራው ነገር ምን ውጤት እንዳመጣ ማየት አይችልም። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት። እግረ መንገዳችሁንም የሜኑውንና የማንሻ ስክሪኑን አቀራረብ ከመሪ ወደ መደበኛ ቀይሩት። በሥዕል የሚያስረዳው መሪ ስክሪን መጀመሪያ ላይ ያግዛል፤ በኋላ ግን ቁጥሮቹን ይሸፍናል።

የብርሃን ልኬቱ

250ዲ አራት ዓይነት ልኬት አለው። ኢቫሉዌቲቭ የሚባለው ፍሬሙን በሙሉ አይቶ ፎከስ ላረፈበት ቦታ የበለጠ ክብደት ይሰጣል፤ ለአብዛኛው ሥራ ከዚህ መውጣት አያስፈልግም። ስፖት መሃሉን ብቻ ያነባል። ብዙ ሰው ስፖትን ሞክሮ «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል፤ ምክንያቱም አንድ የማይታወቅ ልዩነት አለ። በኢቫሉዌቲቭ፣ በዋን ሾት (አንዴ አነጣጥሮ በሚቆም) ፎከስ፣ ማንሻ ቁልፉን እስከ ግማሽ ይዞ መቆየት ፎከሱንም ብርሃኑንም ይቆልፋል። በስፖት ግን የሚቆለፈው ፎከሱ ብቻ ነው፤ ብርሃኑ ፎቶው እስኪነሳ ድረስ እየተለካ ይቀጥላል። ፊት ላይ ለክታችሁ ፍሬሙን ስታስተካክሉ መሃሉ ነጠላው ላይ ያርፍና ልኬቱ ይቀየራል። ስለዚህ ፊቱ ላይ ስትለኩ በጀርባ በኩል ቀኝ አውራ ጣት አጠገብ ያለውን ኮከብ ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል፤ ቪውፋይንደሩ ውስጥ ኮከብ ይበራል፤ ከዚያ ፍሬሙን አስተካክሎ ማንሳት።

ሌላም ነገር አለ። የጠይምና የጥቁር ሰው ፊት ከመካከለኛው ግራጫ ይጠቁራል። ስፖት ያንን ፊት ለክቶ ግራጫ ላድርገው ሲል ከእውነተኛው በላይ ያነጣዋል፤ ነጠላው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይቃጠላል። ጠይም ፊት በስፖት ሲለካ ከ-1/3 እስከ -2/3፣ በጣም ጥቁር ፊት ሲሆን -1 ማድረግ ቆዳውን በራሱ ቀለም ያወጣዋል። በፈረንጅ ቆዳ የተሠሩ መማሪያዎች «ፊት ላይ ለክተህ አንድ ጨምር» የሚሉት እዚህ በግልባጩ ይሠራል።

ፎቶው ትክክል መሆኑን በስክሪኑ ድምቀት አትፍረዱ፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ ስክሪን ሁልጊዜ ጨለማ ነው። ፎቶውን ከፍታችሁ ኢንፎ ቁልፉን ስትጫኑ ሂስቶግራም (ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን የብርሃን ስርጭት የሚያሳይ ግራፍ) ይመጣል፤ የተቃጠለ ነጭም ብልጭ ድርግም ይላል። የነጠላው ጥቂት ክር ብልጭ ቢል ምንም አይደለም። የትከሻው ጨርቅ በሙሉ ብልጭ ካለ ሲሶ ወይም ሁለት ሲሶ ስቶፕ ቀንሱ። ሮው (ያልተቀነባበረ ጥሬ ፋይል) ሲነሳም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የተቃጠለ ነጭ አይመለስም፤ የጠቆረን ማንሳት ይቀላል።

ለመማር የሚረዳ አንድ ልምምድ፦ ቪውፋይንደሩ መስታወት ስለሆነ ብርሃን ብትጨምሩም ብትቀንሱም ያው ነው የሚያሳየው፤ ለውጡ የሚታየው በስኬሉ ላይ ብቻ ነው። ላይቭ ቪው (በስክሪኑ እያዩ ማንሳት) ላይ ግን ማካካሻውን ስታዞሩ ስክሪኑ አብሮ ይደምቃል፣ ይጠቁራል። መጀመሪያ በላይቭ ቪው አይታችሁ ከዚያ ወደ ቪውፋይንደሩ ተመለሱ። ባትሪውን ግን አስቡ፦ በቪውፋይንደር 1070 ፎቶ ገደማ የሚያነሳው ኤልፒ-ኢ17 ባትሪ በላይቭ ቪው ወደ 320 ይወርዳል። ካሜራው በዩኤስቢ ገመድ አይሞላም፤ ቻርጀሩ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሊጠፋ በሚችልበት ከተማ ሁለተኛ ባትሪ ግዴታ ነው።

ኤም፣ አንደኛው ማነቆ

ኤም ላይ ሁሉም በእጃችን ነው። ዳያሉ ፍጥነቱን ይቀይራል፤ ቀዳዳውን ለመቀየር የማካካሻ ቁልፉን ተጭኖ ያንኑ ዳያል ማዞር ነው። ረጋ ያለ ሥራ ላይ ምንም አይደለም። ሙሽሮች አዳራሽ ሲገቡ፣ ከደጅ ፀሐይ ወደ ውስጥ ጨለማ በአምስት እርምጃ ውስጥ ብርሃኑ ሲወድቅ ግን ሁለቱን እያፈራረቁ መቀየር ጊዜ ይበላል። ሁለት ዳያል ያለው ካሜራ ይህን በአንድ ትንፋሽ ይሠራዋል። ማስታገሻው ኤም ላይ አይኤስኦን አውቶ ማድረግ ነው፦ ኤፍ 5.6፣ 1/125፣ ቀሪውን ካሜራው። ይህን ያደረገ ሰው ግን ውሳኔው ለመለኪያው መመለሱን ይወቅ፤ ነጩ ልብስ እንደገና ያታልለዋል።

ንጹሕ ኤም የሚያስፈልገው ብርሃኑ ሳይለወጥ ትዕይንቱ ብቻ ሲለወጥ ነው። ጥምቀት ላይ ሰማዩ ጥርት ካለ ፀሐይዋ ለሰዓታት እኩል ናት። በአይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ 1/400 ብላችሁ አንድ ጊዜ ሞክሩ፤ ነጩ ከተቃጠለ 1/500። ከዚያ በኋላ ፍሬሙን ነጭ ልብስ ቢሞላውም፣ ቀይ ምንጣፍ ቢገባበትም፣ ሁሉም ፎቶ እኩል ይወጣል። በኤቪ ግን ነጩ በበዛና ባነሰ ቁጥር ብርሃኑ ይዋዥቃል፤ ሁለት መቶ ፎቶ አንድ በአንድ ማስተካከል ይጠብቃችኋል። ደመና ሲሸፍን ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ስትገቡ ቁጥሩን መቀየር አትርሱ፤ የኤም ትልቁ ስህተት ይሄ መርሳት ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። 18-55 ሌንሱ በ18 ኤፍ 4 ሲከፍት በ55 የሚችለው ኤፍ 5.6 ነው። ኤም ላይ ኤፍ 4 አድርጋችሁ ዙም ስታደርጉ ቀዳዳው ራሱ ይጠባል፤ ፎቶው አንድ ስቶፕ ይጠቁራል፤ ምክንያቱም ግራ ያጋባል። ዙም የሚበዛበት ሥራ ላይ ከመጀመሪያው ኤፍ 5.6 ላይ ቁሙ።

ለሌሊት፦ ትራይፖድ፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ ከ5 እስከ 15 ሰከንድ፣ ባለ 2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ፣ የሌንሱ አይኤስ ጠፍቶ። ከ30 ሰከንድ ሲታለፍ ባልብ (ቁልፉ ተጭኖ እስካለ ሻተሩ የማይዘጋበት) ይመጣል።

ፍላሽ፣ ሁለተኛውና ትልቁ

አብሮ የተሠራው ፍላሽ በእጅ ነው የሚነሳው፤ ከፍላሽ ጋር የሚቻለው ከፍተኛ ፍጥነት 1/200 ነው። ከዚህ ሁለት ስህተት ይወለዳል። አንደኛው ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ የዐይን ጥላ ለማስለቀቅ በኤቪ ኤፍ 4 ፍላሽ ሲነሳ ነው። ብርሃኑ 1/1600 ይጠይቃል፣ ካሜራው ከ1/200 ማለፍ አይችልም፤ 200 የሚለው ቁጥር ብልጭ ይላል፣ ፎቶው ሦስት ስቶፕ ነጥቶ ይወጣል። ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 11 መዝጋት ያስፈልጋል፤ በዚያ ቀዳዳ ደግሞ ትንሿ ፍላሽ ከቅርብ ካልሆነ አትደርስም። ሁለተኛው ጨለማ ቤት ውስጥ ነው። በኤቪ ፍላሽ ሲነሳ ካሜራው የኋላውን ብርሃን ለመሰብሰብ ፍጥነቱን በጣም ያዘገየዋል፤ ሰዎቹ ላይ ከፍላሹ የመጣ ጥርት ያለ ምስልና ከአምፖሉ የመጣ የተጎተተ ጥላ ይደራረባል። የፍላሽ ሜኑ ውስጥ የኤቪን ማመሳሰያ ከአውቶ ወደ «1/200-1/60» ቀይሩት፤ ይቆማል።

ዋናው ግን ከላይ ያለው የፍላሽ መቀመጫ ነው። የ250ዲ መቀመጫ መሃል ላይ የሚኖረው የተለመደው ትልቁ መንኪያ (የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥብ) የለውም። በየፎቶ ቤቱ የሚገኙት ርካሽ ማንዋል ፍላሾች፣ እንደ ዮንግኑዎ 560 ያሉት፣ ባለ አንድ ፒን ትሪገሮች (ፍላሽን ከሩቅ መተኮሻዎች) እና የድሮ የስቱዲዮ ገመዶች የሚተማመኑት በዚያች መንኪያ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይህ ካሜራ ላይ አይተኮሱም። አልተበላሹም፤ ምልክቱ የሚያልፍበት የለም። የካኖን ኢ-ቲቲኤል (የፍላሹን መጠን ካሜራው ራሱ የሚወስንበት) ቋንቋ የሚናገሩ ፍላሾች፣ እንደ ስፒድላይት ኢኤል-100 ወይም 430ኢኤክስ 3-አርቲ ያሉት፣ በሌሎቹ መንኪያዎች በኩል ይሠራሉ። ዋጋቸው ግን ሌላ ነው። ካኖን ለመማሪያ በሸጠው ካሜራ ላይ ተማሪው የሚችለውን ፍላሽ መከልከሉ ተገቢ አልነበረም፤ ለዘመናት የነበረ የጋራ መንኪያ ነውና። ስቱዲዮ ለመክፈት ወይም ሠርግ ለመሥራት የሚያስብ ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ይህን ካሜራ ሊተው ይገባል።

ቪዲዮና መብራት

የኢትዮጵያ መብራት 50 ሄርዝ ነው። በፍሎረሰንትና በርካሽ ኤልኢዲ ስር ፍጥነቱ ከ1/100 ሲያልፍ አንዱ ፎቶ ቢጫ፣ ቀጣዩ ጨለማ ሊሆን ይችላል፤ ቪዲዮ ላይ ደግሞ መስመር ይሮጣል። 1/50 ወይም 1/100 ላይ ቆይታችሁ ቪዲዮውን በ25 ፍሬም ቅረጹ። 4ኬው ብዙ የሚያጓጓ አይደለም፤ ፍሬሙ በጣም ስለሚጠብ 18 ሚሊ ሜትሩ በሙሉ ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራ 47 ገደማ እንደሚሆን ያህል ይጠጋል፤ በፎቶና በፉል ኤችዲ የሚሠራው ፈጣኑ ዱዋል ፒክሰል ፎከስም 4ኬ ላይ የለም። ፉል ኤችዲው ግን ፊት ተከትሎ በለስላሳ ፎከስ ይሠራል፤ የማይክ መሰኪያም አለው። ለዩቲዩብ ብቻውን ተቀምጦ ለሚያወራ ሰው፣ ስክሪኑ ወደ ፊት ስለሚዞር፣ በጣም የሚመች ነው።

ስትገዙ

በቪውፋይንደር ያሉት የፎከስ ነጥቦች 9 ብቻ ናቸው፤ አስተማማኙ የመሃሉ ነው። ቪውፋይንደሩ የሚያሳየው የፎቶውን 95 ከመቶ ስለሆነ ጠርዝ ላይ ያላያችሁት እጅ ወይም ምሰሶ ሊገባ ይችላል። በሁለተኛ እጅ የሚገኝ ካኖን 80ዲ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ሁለት ዳያል፣ 45 የፎከስ ነጥብ፣ እስከ 1/8000 ፍጥነት፣ ከማንዋል ፍላሾች ጋር የሚሠራ ሙሉ መቀመጫ አለው። 4ኬ የለውም፣ ክብደቱም ይበዛል፤ በፎቶ ገንዘብ ለማግኘት ለሚያስብ ሰው ግን ከአዲስ 250ዲ በፊት እሱን ይፈልግ። ለቤተሰብ፣ ለጉዞ፣ ለትምህርትና ለቪዲዮ ብሎግ ከሆነ 250ዲ ይቀድማል።

250ዲን የመረጠ ሰው ሌንሱ ላይ የተጻፈውን ያንብብ። አንዳንዱ ሳጥን የሚመጣው አይኤስ በሌለው፣ ኤፍ 3.5-5.6 በሆነው 18-55 ነው፤ የሚፈለገው «አይኤስ ኤስቲኤም» የሚለው ኤፍ 4-5.6 ነው። ከተረፈ ገንዘብ ላይ ቀጣዩ ግዢ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ይሁን። 18-55ቱ በ55 ኤፍ 5.6 ላይ አይኤስኦ 6400 የሚጠይቅበት ክፍል ውስጥ፣ 50ው በኤፍ 1.8 በዚያው ፍጥነት በ640 ያነሳል። እንዲህ ያለ ልዩነት ምንም ዓይነት የሞድ ምርጫ አያመጣም። ኤፍ 1.8 ላይ ፎከሱ ቀጭን ስለሆነ የቅርቡ ዐይን ላይ ማሳረፍ ግዴታ ነው፤ ሁለት ሰው ሲኖር ወደ ኤፍ 4 ዝጉ።

ሮው ለማንሳት ካሰባችሁ ኮምፒውተራችሁን ቀድማችሁ ፈትሹ። ይህ ካሜራ የሚጽፈው ሲአር3 የተባለ ፋይል ነው፤ እንደ ፎቶሾፕ ሲኤስ6 እና ላይትሩም 6 ያሉት የቆዩ ስሪቶች አይከፍቱትም። የካኖን የራሱ ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል በነፃ ይወርዳል፤ ቀርፋፋ ቢሆንም ይከፍተዋል። ፕሮግራሙን ጭናችሁ አንድ ፋይል እስክትከፍቱ ድረስ ካሜራውን ሮውና ጄፔግ አንድ ላይ በሚጽፍበት ቅንብር ላይ አቆዩት።